ከወፍጮ ቤቱ የሚወጣው ድምፅ

ይድረስ ለወንድሜ፤ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልክ ቁጥር ግድግዳ ትይዛለህ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ትልቋ ትምህርቱ ተስማማት? ትንሹስ ምግብ ሲቀርብ ማልቀሱን ተወ? እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይጮኻል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። ባለፈው የላክኸውን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ሁላችሁም ትስቃላችሁ፣ ያንተ ጉንጭ ግን ገብቷል። መብራቱ ነው እንዳትለኝ፤ ያ መብራት የሌሎቹን ጉንጭ ምንም አላደረገውም። በደንብ ብላ።

በመጨረሻው ደብዳቤህ ስለ አባባ ከዚህ በኋላ አትጻፊልኝ ብለኸኝ ነበር። እኔም ቃልህን አክብሬ ቆየሁ። ይህ ደብዳቤ ግን ከዚህ በታች ያለው በሙሉ ስለ አባባ ነው። አጥፈህ ኪስህ ልትከተው እንደሆነ ይታወቀኛል። በእናታችን ነፍስ ይዤሃለሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብበው። እማማ ስትቀበር አለመድረስህ እንዴት እንዳንገበገበህ የማውቀው እኔ ነኝ። ደውለህ ይቅርታ ስትጠይቀው አጠገቡ ነበርኩ። እሺ ብቻ ብሎ ስልኩን መለሰልኝ። በዚህ ቤት ደግሞ የአባባን እሺ የማያውቅ የለም። ልጆች ሆነን ጫማ ግዛልን ስንለው እሺ፣ ዘመድ ቤት እንሂድ ስንለው እሺ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። የሱ እሺ «በቃ፣ ተወኝ» ማለት ነው እያልን ነው ያደግነው። አንተም ያን ቀን እንደዚያ ወሰድከው፣ እኔም እንደዚያ ወሰድኩት። ስለዚህ መደወል በማቆምህ አልፈረድኩብህም።

ነገሩ የሚጀምረው ከተከራዩ ነው። ወፍጮ ቤቱ ሞተሩ ከተሸጠ ወዲህ ባዶውን እንደነበረ ታውቃለህ። ድንጋዩም፣ እህል የሚፈስበት ትልቁ የእንጨት ሳጥንም እንደነበሩ አሉ። ዝናቡ ሲጀምር አንድ ሰውዬ መጣና ለሥራ ቦታ አከራዩኝ አለ። ሥራው ስፒከር መጠገን ነው። የሠርግ አዳራሽ፣ የትምህርት ቤት፣ የስብሰባ፣ ጉሮሮው የተዘጋ ስፒከር ሁሉ ወደሱ ይመጣል። ዕድሜው ካንተ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል፣ ልብሱ ግን ዘወትር ጥቁር ካናቴራ ነው። እኛ ጠጋኙ ነው የምንለው። ሲበዛ ትሁት ነው። እትዬ እንዴት አደሩ፣ እትዬ ደህና ዋሉ፣ በር ከፍቶ ማሳለፍ፣ ዘንቢል መቀበል። እኔ ደግሞ ትሁት ሰው አይጥመኝም። መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ ትኬት ስቆጣጠር ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፤ ከሩቅ ጀምሮ ጥርሱን እያሳየኝ የሚመጣው መንገደኛ ሁልጊዜ ትኬት የሌለው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ገብቼ ልብስ ሳጣጥፍ ከወፍጮ ቤቱ ድምፅ መጣ። እንዴት ብዬ ልንገርህ? ግድግዳው ራሱ ያጓራ ነው የመሰለኝ። ሰው ታንቆ ከሆዱ የሚያጓራ ዓይነት፣ ከሥሩ ደግሞ የሆነ ከባድ ነገር ቀስ ብሎ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል። መደርደሪያው ላይ ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ። አባባን ገደለው ብዬ መጥረጊያ ይዤ ሮጥኩ። በሩን በርግጄ ስገባ ጠጋኙ ካቻቢቴውን በጥርሱ ነክሶ ስፒከር ላይ ጎንበስ ብሏል። አባባ የድሮ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ መዳፉን እህል ማፍሰሻው ሳጥን ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ብሏል። ፈገግ ብሏል ነው የምልህ። እማማ ከሞተች ወዲህ ያንን ፊት አይቼው አላውቅም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ነገር ሸተተኝ። የገዛ ልጁ ስትቀልድለት የማይስቅ ሰው በዚያ ማጓራት ምን አሳቀው? መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኔን ጣልኩባቸው። አባባ ቁርሱን እንደጨረሰ ወደ ወፍጮ ቤት ነው። ለምሳ ሲጠራ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። ሲመለስ ትንፋሹን አሸተትኩት፤ መጠጥ የለም። ኮቱን ስሰቅል ኪሱን ዳበስኩት፤ ከመሀረብ በቀር ምንም የለም። ከእኔ ጋር ሲሆን ቃል ከአፉ የማይወጣው ሰው እዚያ ሲያወራ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። ገበታ ላይ ስለ ውኃው መጥፋት ሳወራለት ጣቶቹ ጠረጴዛውን ዱም፣ ዱም፣ ዱም ያደርጋሉ፣ ቀስ ብለው፣ ልክ እንደዚያ ሙዚቃ። ንቆኝ ነው አልኩ። ሙዚቃው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው። ስፒከሩ ይለዋወጣል፣ ሙዚቃው ንቅንቅ አይልም።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በአጥር በኩል ጠርታኝ አባትሽን ሃይማኖት እያስለወጡት ነው፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አውቃለሁ አለችኝ። ምን ታውቂያለሽ ብዬ ሳፋጥጣት ምንም አታውቅም፤ እንቅልፌን ግን ነሳችኝ። ስፒከሩን ሊወስድ የመጣውን የሠርግ አዳራሹን ባለቤት ደግሞ በሩ ላይ ያዝኩና ይሄ ሰውዬ እንዴት ያለ ነው አልኩት። እጁ ወርቅ ነው፣ ከሰው ጋር ግን አይቀላቀልም አለኝ። በቃ፣ ሁለተኛውን ብቻ ነው የሰማሁት። ጠጋኙ ሱቅ ሲሄድ ጠብቄ ገባሁና የዚያን ሙዚቃ ሲዲ ሽፋን አገላብጬ አየሁ። ጥቁር ተራራ፣ ከተራራው ሥር የተከመረ አጥንት፣ ከላይ እንደ እሾህ ቁጥቋጦ የተጠላለፈ ጽሑፍ። የጻፈው ሰው ራሱ መልሶ የሚያነበው አይመስለኝም።

ሆድ ይፍጀው ብዬ የምተው ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃለህ። በማግስቱ ፊት ለፊት ያዝኩት። ይሄ ምንድን ነው አልኩት። ዴዝ ሜታል ይባላል አለኝ። ትርጉሙን ስጠይቀው አንገቱን አከክ አከክ አደረገና ያው የሞት ብረት እንደ ማለት ነው አለ። ስሙን ሰማኸው? ስንት ጥሩ ጥሩ ዘፈን እያለ ለምን እሱን ብቻ አልኩት። ይኼኔ ያ ዝምተኛ ሰውዬ አፉ ተከፈተ። ስፒከር ጠግኖ ሲጨርስ የሚፈትነው በዚህ አልበም ብቻ ነው። የዚህ ዓይነት ሙዚቃ አብዛኛው ይሮጣል አለኝ፤ ሩጫ ደግሞ ጥፋት ይሸፍናል፣ የስፒከሩ ወረቀት ተቀዶ ቢንቀጫቀጭ እንኳ ከጥድፊያው ጋር ተደባልቆ ያልፋል። ለስላሳ ዘፈን ደግሞ ስፒከሩን አያስጨንቀውም፣ በሽተኛው ሁሉ ጤነኛ መስሎ ይዘፍናል። ይሄኛው ከባድ ነው፣ ግን አይቸኩልም። እያንዳንዱ ምት ሙሉ ክብደቱን ያሳርፍና የሚቀጥለው እስኪመጣ ትንሽ ቦታ ይተዋል፤ ጉድለት ካለ እዚያች ክፍት ቦታ ላይ ይሰማል። የጊታሩም ክር ላላ ተደርጎ ስለሚመታ ድምፁ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው አለኝ።

እሺ፣ ሥራው እንደዚያ ይሁን፣ ሥራ ስትጨርስስ ምን ትሰማለህ አልኩት። እሱኑ ነው አለኝ። ሲሰማው ቀኑን ሙሉ ጆሮው ሥር የደረሰው ትከሻ ወደ ቦታው ይወርድለታል። ቁጣ ይመስላል እንጂ ቁጣ አይደለም፣ ቢቆጣ ኖሮ ይሮጥ ነበር አለኝ። ለአንድ ሲዲ ይህን ያህል ምክንያት ያለው ሰው የሚደብቀው ነገር አለ ብዬ ወጣሁ። በዚህስ አልተሳሳትኩም፣ ቆይ ትደርስበታለህ።

አንድ ቀን በመስኮቱ ሥር ሳልፍ ጠጋኙ በወፍራም ድምፁ አባባን ሲጠይቀው ሰማሁ። ክፍሉ ለብዙ ጊዜ ቢተውለት ወለሉንና ግድግዳውን በጣውላ እንደሚያለብሰው ይነግረዋል። አባባ እሺ አለ። እኛ ስንጠይቅ በር የሚዘጋው እሺ ለዚህ ሰውዬ ሲሆን በር ከፈተ አልኩ። በሙዚቃ አደንዝዞ ቤታችንን ሊወስድ ነው አልኩ። ቤቱስ ይቅር፣ አባባን ሊወስድብኝ ነው። አንተ ሄደሃል፣ እማማ ሄዳለች፤ የቀረኝን አንድ ሰው ባለ ጥቁር ካናቴራ ሲወስደው ቆሜ አላይም። እስከ ቅዳሜ ዕቃህን ይዘህ ውጣልኝ አልኩት። አልተከራከረኝም። አባትዎ ያውቃሉ ወይ ብቻ አለኝ። ዛሬውኑ ያውቃል አልኩት። አመሻሹ ላይ አባባ መስኮት ዳር ተቀምጦ ሳለ ከኋላው አልጋ እያነጠፍኩ፣ ጠጋኙን አስወጥቼዋለሁ፣ ቅዳሜ ይሄዳል አልኩት። እሺ አለኝ። እኔም እፎይ አልኩ።

ቅዳሜ ጠጋኙ ስፒከሮቹን ጋሪ ላይ ሲጭን አባባ ከቤት ወጣ። ጋሪውን አየ፣ ባዶውን ወፍጮ ቤት አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ፊቱ እንዴት እንደነበረ ልነግርህ አልችልም። ሄዶ ጋሪው ፊት ቆመና እጁን ዘረጋ። «ወዴት ነው? ምን በድለንህ ነው የምትሄደው?» አለው። ክው አልኩ። ነግሬው የለም እንዴ? እሺ ብሎኝ የለም እንዴ? መጀመሪያ እርጅና ነው፣ ረስቶ ነው አልኩ። ግን አንድ ጥርጣሬ ከገባኝ ሥሩን ሳላይ አልተኛም። አባባን አባብዬ ወደ ውስጥ አስገባሁትና ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ከኋላው ቆሜ፣ ሁልጊዜ በማወራበት ድምፄ፣ አባባ ቤቱ እየተቃጠለ ነው አልኩት። እሺ አለኝ። ሌላ ጨመርኩ። አባባ፣ እኔ ነገ ልሞት ነው አልኩት። «እሺ የኔ ልጅ» አለኝ፣ ጥርት አድርጎ፣ በፍቅር። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ጠጋኙ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ታውቅ ነበር አይደል አልኩት። በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያወቅኩት፣ አባትዎ ለልጆቼ እንዳትነግር ብለው አስማሉኝ አለኝ። ጉድ አትልም? ይደብቅ ነበር። መጠርጠሬ ልክ ነበር፣ የጠረጠርኩት ነገር ነው ልክ ያልነበረው። ወፍጮው የአባባን ጆሮ ከላይ ጀምሮ ነው የበላው። ቀጭን ቀጭኑ ሁሉ ሄዷል፤ የወፉ፣ የበሩ ደወል፣ የሴት ድምፅ። የኔ ድምፅ ማለት ነው። ሰው እንደተናገረ ያውቃል፣ ምን እንደተናገረ አያውቅም። ደንቆሮ ላለመባል እሺ ይላል። አሁን እማማን አስባት። ሰው የተናገረውን ሁሉ ወደሱ ጠጋ ብላ ስትደግምለት፣ እኛ ገደል ማሚቶ እያልናት ስንስቅ አደግን። ጆሮው እሷ ነበረች። እሷ ስትቀበር ጆሮው አብሮ ተቀበረ፤ እኛ ደግሞ አኮረፈ አልን።

ጋሪውን አስመለስኩት። ጠጋኙን ይቅርታ አልጠየቅኩትም፣ ገና እያሰብኩበት ነው። ስፒከሮቹን መልሶ ሲያስገባ ግን ዘንቢሉን እኔ ተቀበልኩት። አባባ እጄን ይዞ እህል ማፍሰሻው ሳጥን ላይ አኖረው። «ይሄ ይመጣልኛል። ሌላው ሁሉ ዝንብ ነው» አለኝ። ጠጋኙ ሌሎቹን ዘፈኖች፣ የሚሮጡትንም አሰምቶት ነበር አሉ። እነሱ ጆንያ ሲቀደድ እህሉ ባንዴ መሬት ላይ እንደሚፈሰው ናቸው አለኝ አባባ፤ አንዱን ካንዱ አይለየውም። ይሄኛው ግን አንድ ባንድ ይደርሰዋል፣ እስኪይዘው ይጠብቀዋል። ድሮ ድንጋዩ በደንብ ሲዞር መዳፉን እዚያው ሳጥን ላይ አድርጎ ነበር ዱቄቱ መላሙን የሚያውቀው። ያንን ነው መልሶ ያገኘው።

እንዳትስቅብኝ፣ አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሬው ተቀምጬ ሰማሁት። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ተነስቼ ልወጣ ነበር። ሁለተኛው ላይ ያ የሚያጓራው ሰውዬ እኔን እየተቆጣ እንዳልሆነ ገባኝ። ማንንም አይቆጣም። ቃሉም አይለይም፣ ጠጋኙ ራሱ ግማሹን አያውቀውም። ከባድ ነገር የተሸከሙ ሰዎች እርምጃቸውን ገጥመው ዳገት ሲወጡ የማይ ነው የመሰለኝ። ማንም አይሮጥም፣ ማንም ሸክሙን አይጥልም። አንዱን ነገር ይይዙና ይደጋግሙታል፣ ይደጋግሙታል፣ አሁንስ በዛ ልትል ስትል ከበሮው ትንሽ ወደ ኋላ ይልና የባሰ ይከብዳል። ያኔ መዳፌ ሥር ሳጥኑ ሲተነፍስ ተሰማኝ። እማማ ከሞተች ወዲህ ደረቴ ላይ ቆሞ የቀረው ነገር ተነቃነቀና አለቀስኩ፣ ስቅስቅ ብዬ ነው ያለቀስኩት። እዚያ ድምፅ ውስጥ ሆነህ ስታለቅስ ማንም አይሰማህም። አባባም ሲያለቅስ እንደነበር ያወቅኩት ሙዚቃው ሲያልቅ ነው።

ወደድሽው ወይ ካልከኝ፣ አልወደድኩትም። ትናንት ግን በር ላይ ትኬት ስቆርጥ በዚያ ምት እየቆረጥኩ እንደሆነ ራሴን ያዝኩት። ሰልፉም ሳይገፋፋ በቀስታ አለፈ። አለቃዬ ምን ነካሽ ዛሬ፣ ማንንም አልጠረጠርሽም አለኝ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። እንደ እማማ ጆሮው ሥር ተጠጋሁና፣ ድምፄን አወፍሬ፣ ያን ቀን ወንድሜ በስልክ ምን አለህ አልኩት። አባባ «አላውቅም» አለኝ። «የሱ ድምፅ እንደሆነ አውቄያለሁ። ብዙ አወራ። ዝም ሲል ጊዜ እሺ አልኩት።» ደግሞ እኔን እኔን እያየ «ከዚያ ወዲህ ለምንድን ነው የማይደውለው?» አለኝ። ያልከውን አልነገርኩትም። እሱ የኔ ቃል አይደለም፣ ያንተ ነው፤ ካንተ አፍ መስማት አለበት።

ስለዚህ ስማኝ። እንዳትደውል። ስልክ ወፍራሙን ድምፅ ቆርጦ ቀጭኑን ነው የሚልከው ይላል ጠጋኙ፣ ለአባባ ዝንብ ነው የሚሆንበት። ድምፅህን ቅዳና ላክልኝ፣ በትልቁ ስፒከር እናሰማዋለን። አትጩህ፣ ድምፅ ሲጮኹበት ይቀጥናል። እንደ ልማድህ አንገትህን ደፍተህም አታጉተምትም። ከሆድህ አውጣው፣ አንዱን ቃል በደንብ አሳርፈህ ሌላውን አንሳ። ያን ቀን ያልከውን ሁሉ እንደገና በለው፣ የእማማንም ነገር፣ ሁሉንም። ስትቀዳ ባለቤትህ አጠገብህ ትቀመጥና ስትቸኩል እጅጌህን ትጎትትህ። ጠጋኙ ከተመለሰ በኋላ ወለሉንና ግድግዳውን በጣውላ ያለበሰው ለካ ድምፁ እስከ አባባ ወንበር እንዲሄድ ነው። ቢሆንም እየተከታተልኩት ነው፣ አታስብ። ለምን ሌላ ቀለም ካናቴራ እንደማይለብስ እስካሁን የረባ መልስ አልሰጠኝም።

ድምፅህ ሊመጣ እንደሚችል ለአባባ ነግሬዋለሁ፣ መንገር አልነበረብኝም ይሆናል፣ አፌ አላስችል አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትልቁን ስፒከር ለማንም እንዳትሰጥ ብሎ ጠጋኙን አስጠንቅቆታል። ዛሬ ጠዋት ሻይ ልሰጠው ስገባ ምንም ሙዚቃ ሳይኖር፣ መዳፉን ጣውላው ላይ አድርጎ ለብቻው ተቀምጦ አገኘሁት።

ባለቤትህን ሳምልኝ፣ አንተን ስለምትችልህ አመሰግናታለሁ። ትልቋን አክስትሽ ሌላ ጊዜም ፎቶ ስትነሺ እንደዚሁ ጥርስሽን አሳዪ ብላለች በላት። ትንሹን አገላብጠህ ሳምልኝ፣ ምግቡ ላይ ካለቀሰ እኔ ጋ እንደሚመጣ ንገረው። ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብላሃለች፣ በሃይማኖቱ ነገር ግን ተሳስቻለሁ አላለችም። ጠጋኙም ለማላውቃቸው ወንድምዎ የአክብሮት ሰላምታ አቅርቡልኝ ብሏል፣ ትሕትናውን አልተወም። የአባባን ሰላምታ እንደ ሌላ ጊዜው እኔ ከራሴ አልጻፍኩልህም። ምን ልበልልህ ብዬ ጆሮው ሥር ጠየቅኩት፣ እሱ ያለኝን እንዳለ ነው የጻፍኩት፦ «ቀስ ብሎ ይናገር። እኔ አልቸኩልም።»

እህትህ
ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ ከቤታችን
ሰኞ፣ ጥቅምት ማለቂያ